ቀዝቃዛ አየርና የሞተር ጉልበት

የሞተርን ጉልበት የሚወልደው ነዳጅ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ነዳጅ ያለ አየር አይነድም። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ ይቃጠል ዘንድ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ባለ አራት ስትሮክ ሞተሩን ሠርቶ ካሳየበት ጊዜ ጀምሮ የመሐንዲሶች ትልቁ ጭንቀት ብዙ ነዳጅ ማፍሰስ ሳይሆን ብዙ አየር ወደ ሲሊንደር ማስገባት ሆኖ ቆይቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመኪና ዕቃ መደብር የሚሸጠው የቀዝቃዛ አየር መሳቢያ ቱቦ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው የዛሬ ክርክርም የዚሁ የቆየ ጭንቀት ተወላጅ ነው።

የክርክሩ መሠረት በፊዚክስ የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ጌ-ሉሳክ በ1802 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋም በአንድ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ክብደቱ ይቀንሳል። በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይገባ የነበረ አየር በ30 ዲግሪ ቢገባ እፍጋቱ በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሆኖም ጉልበቱ በዚያው መጠን አይጨምርም፤ አየሩ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ከሞተሩ ግድግዳ ሙቀት ይቀበላልና። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ለሞተር መለኪያ ያወጣው የማስተካከያ ቀመር የሙቀቱን ውጤት በካሬ ሥር ያሰላል። በዚህ ስሌት ትርፉ 3 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም 100 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር 3 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው።

የአየር እጥረት በግልጽ የታየው ከመኪና ይልቅ በአውሮፕላን ነበር። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ የሞተሩን የጭስ ኃይል ተጠቅሞ አየር የሚያምቅ መሣሪያ በ1905 በፓተንት አስመዘገበ። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተርን በኮሎራዶ ወደሚገኘው፣ 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ተራራ ጫፍ አውጥቶ ፈተነው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ። ነገር ግን የታመቀ አየር ይግላል። ስለዚህ በ1942 አገልግሎት ላይ የዋለው ዘጠነኛው የስፒትፋየር ዓይነት የያዘው የመርሊን ሞተር የታመቀውን አየር መልሶ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ተገጠመለት። የቀዝቃዛ አየር ዋጋ ጎልቶ የሚታየው አየሩ አስቀድሞ በመታመቅ በጋለበት ሥፍራ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ወደ ተራ መኪና ስንመለስ፣ አሜሪካውያን ፋብሪካዎች በ1960ዎቹ ነገሩን የገበያ መሳቢያ አደረጉት። ኦልድስሞቢል በ1966 ለ4-4-2 ሞዴሉ ባቀረበው ደብልዩ-30 በተባለው ምርጫ ከፊት መከላከያው ተነሥተው እስከ ካርቡሬተሩ የሚደርሱ ቱቦዎችን ዘረጋ፤ ለቱቦዎቹም ቦታ ለማግኘት ባትሪው ወደ ኋላ ሻንጣ ቤት ተዛወረ። ፎርድ በ1968፣ ፕሊመዝም በ1969 በኮፈን ላይ የሚከፈቱ የአየር አፎችን አቀረቡ። ማስታወቂያው መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ በኃይል ይገባል የሚል ነበር። ነገር ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚገኘው የነፋስ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በ200 ኪሎ ሜትርም 2 በመቶ ገደማ ነው። የእነዚያ መኪኖች እውነተኛ ጥቅም ከነፋሱ ሳይሆን ከኮፈን ሥር ያለውን ትኩስ አየር ከማስወገዳቸው የመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዘመናት መከራከሪያውን አደከሙት። በቤንዚን መርጫ የሚሠሩ ሞተሮች ካርቡሬተርን ሲተኩ፣ ፋብሪካዎች ራሳቸው አየሩን ከራዲያተር በላይ ወይም ከጭቃ መከላከያ ውስጥ ከሚገኝ ቀዝቃዛ ሥፍራ መሳብ ለመዱ። እንዲህ ባለ መኪና ላይ የሚገጠም የገበያ ቱቦ የሚያወርደው የሙቀት መጠን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ፣ ማጣሪያውን ገልጦ በኮፈን ሥር የሚተወው አጭር ቱቦ ከፋብሪካው ዕቃ ይልቅ ትኩስ አየር ሊስብ ይችላል። ጥቂቱም ትርፍ ቢሆን የሚገኘው ቤንዚን መስጫው እስከ ታች ሲረገጥ ነው፤ በከተማ መንገድ አየሩን የሚወስነው የአሽከርካሪው እግር ነውና። የነዳጅ ቁጠባውም ነገር ከዚህ አይለይም። የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 ባወጣው ጥናት፣ በዘመናዊ የቤንዚን ሞተሮች ላይ የተደፈነ ማጣሪያን በንጹሕ መለወጥ ፍጥነት የማንሣት አቅምን ከ6 እስከ 11 በመቶ ሲያሻሽል፣ የነዳጅ ፍጆታን ግን በሚታይ መጠን አልለወጠም።

ታዲያ ብዙ ባለመኪናዎች ልዩነት ተሰማን የሚሉት ስለ ምንድን ነው? የፋብሪካው ሣጥን የሞተሩን የመሳብ ድምፅ እንዲያፍን ተደርጎ የተሠራ ነው። ሣጥኑ ሲወገድ ሞተሩ ያገሣል፤ ጆሮም ግሣቱን ጉልበት ብሎ ይተረጉመዋል። የሚከፈለው ዋጋ ግን በገንዘብ ብቻ አያበቃም። ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ቱቦ በጎርፍ ጊዜ ውኃ ስቦ ፒስተንና ክንዱን ሊሰብር ይችላል። አቧራን በሚገባ የማይይዝ ማጣሪያም ሲሊንደሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ይህ ጉዳት የሚገለጠው ደግሞ ሞተሩ ዘይት ማቃጠል ሲጀምር ነው።

የፓይክስ ተራራ ትምህርት ለአዲስ አበባ አሽከርካሪም ቅርብ ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ከተማ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። ይህን ጉድለት የሚሞላው አየርን የሚያምቅ መሣሪያ እንጂ ቱቦ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ጉልበት ይሰጣል የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካው አስቀድሞ የሰጠውን ነገር እንደ አዲስ መግዛት ትርፍ ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም። ባለመኪናው ከመግዛቱ በፊት የመኪናው አየር ከየት እንደሚሳብ ኮፈኑን ከፍቶ ቢመለከት፣ ማጣሪያውንም በጊዜው ቢለውጥ፣ ገንዘቡንም ሞተሩንም ይጠብቃል።