ለዝቅተኛ ገቢ ቤቶች የሚሰጥ የታክስ ክሬዲት (አሜሪካ)

ለዝቅተኛ ገቢ ቤቶች የሚሰጥ የታክስ ክሬዲት በአሜሪካ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚከራዩ ቤቶች እንዲሠሩና እንዲታደሱ የፌዴራል መንግሥት ለባለሀብቶች የሚያደርገው የግብር ቅነሳ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ፕሬዝዳንት ሮናልድ ሬገን በፈረሙት የታክስ ማሻሻያ ሕግ የተጀመረ ሲሆን፣ በ1993 በፕሬዝዳንት ቢል ክሊንተን ዘመን ቋሚ ሆነ። ሪፐብሊካኖችም ዴሞክራቶችም ለረጅም ጊዜ ከደገፏቸው ጥቂት የቤት ፖሊሲዎች አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራር

ፕሮግራሙ ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ይለያል። ኮንዶሚኒየምን መንግሥት ያስገነባል፤ ዕጣ የወጣለትም ከፍሎ ባለቤት ይሆናል። በአሜሪካው ግን የሚገነባው ብዙውን ጊዜ የግል ወይም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ ነዋሪውም ተከራይ ነው።

እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በሕዝቡ ቁጥር ልክ በየዓመቱ የክሬዲት ድርሻ ያገኛል። የክፍለ ግዛቱ የቤቶች ፋይናንስ መሥሪያ ቤት ድርሻውን ለገንቢዎች በውድድር ያከፋፍላል። ገንቢው ክሬዲቱን ለባለሀብቶች፣ በተለይም ለባንኮች፣ በማቅረብ ለግንባታው ጥሬ ገንዘብ ያገኛል። ባለሀብቱ በምላሹ ለ10 ዓመታት ከሚከፍለው ግብር ላይ ይቀንሳል። ለምሳሌ ለክሬዲት ብቁ የሆነው ወጪ 10 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን፣ በ9 በመቶ ስሌት በዓመት 900,000 ዶላር፣ በ10 ዓመት 9 ሚሊዮን ዶላር ግብር ይቀነሳል። ገንቢው የሚበደረው ገንዘብ ስለሚያንስ ኪራዩን ዝቅ ማድረግ ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት 4 በመቶ የሚባለው ነው። ይህ ውድድር ከሚጠይቀው ድርሻ ውጭ ሲሆን፣ ከግብር ነፃ በሆነ ቦንድ ለሚሠሩ ቤቶች ይሰጣል።

የኪራይ ጣሪያ

ኪራዩ የሚሰላው ተከራዩ በእርግጥ ከሚያገኘው ገቢ ሳይሆን ለቤቱ ከተወሰነው የገቢ ጣሪያ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ይቀራል። ጣሪያው በአብዛኛው የአካባቢው መካከለኛ ገቢ 50 ወይም 60 በመቶ ነው፤ ኪራዩ ከጣሪያው 30 በመቶ መብለጥ የለበትም። ጣሪያው በዓመት 50,000 ዶላር ቢሆን ኪራዩ በወር እስከ 1,250 ዶላር ሊደርስ ይችላል። በዓመት 30,000 ዶላር ለሚያገኝ ቤተሰብ ይህ የገቢው ግማሽ ነው። ስለዚህ በጣም ድሃ የሆኑ ተከራዮች ሌላ የኪራይ ድጎማ ካላገኙ በእነዚህ ቤቶች መኖር ይከብዳቸዋል።

ሕጉን ለማሻሻል የተደረገ ጥረት

በ2016 ዴሞክራቷ ማሪያ ካንትዌልና ሪፐብሊካኑ ኦሪን ሃች ክሬዲቱን የሚያሰፋ ረቂቅ ሕግ ለሴኔት በጋራ አቀረቡ። ረቂቁ እስካሁን በሙሉ አልጸደቀም፤ ከዚያ ወዲህ ግን በተደጋጋሚ የቀረበ ሲሆን፣ ሐሳቦቹ ተቆራርጠው በሌሎች ሕጎች ውስጥ ገብተዋል። በ2018 የክፍለ ግዛቶች ድርሻ ለአራት ዓመት በ12.5 በመቶ አደገ፤ ጊዜው ሲያበቃ ጭማሪው ቀረ። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ሁለተኛው ዓይነት ክሬዲት ከ4 በመቶ እንዳይወርድ ተወሰነ።

ጭማሪውን ለመመለስ በጥር 2024 የተወካዮች ምክር ቤት አንድ የታክስ ረቂቅ በ357 ለ70 ድምፅ አሳለፈ። ሴኔት ላይ ግን 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበርና በነሐሴ ወር 48 ለ44 ሆኖ ቆመ። ምክንያቱ በዋናነት የቤቶቹ ክፍል አልነበረም፤ በዚያው ረቂቅ የነበረው የልጆች ታክስ ክሬዲት አጨቃጫቂ ነበር።

በሐምሌ 2025 የወጣው ትልቅ የታክስ ሕግ ከ2026 ጀምሮ ድርሻውን በ12 በመቶ በቋሚነት ጨመረ። ለ4 በመቶው ክሬዲት ከወጪው ቢያንስ 50 በመቶ በቦንድ መሸፈን ነበረበት፤ ይህም ወደ 25 በመቶ ዝቅ ስላለ በአንድ መጠን ቦንድ ብዙ ቤት መሥራት ይቻላል። ሁለቱ ፓርቲዎች ለዓመታት አብረው የጠየቁት ይህ ማሻሻያ የጸደቀው ግን አንድም ዴሞክራት ድጋፍ ባልሰጠው ሕግ ውስጥ ነው።

ያልተፈታ ጉዳይ

ከ1990 ወዲህ የተሠሩት ቤቶች ቢያንስ ለ30 ዓመት በዝቅተኛ ኪራይ መቆየት አለባቸው። ሆኖም ባለቤቱ ከ14ኛው ዓመት በኋላ ክፍለ ግዛቱ ገዢ እንዲፈልግለት መጠየቅ ይችላል። በአንድ ዓመት ውስጥ በሕጉ ቀመር የተሰላውን ዋጋ የሚከፍል ካልተገኘ ገደቡ ይነሳል፤ ነባሮቹ ተከራዮች የሚጠበቁትም ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። ቀመሩ ከገበያ ዋጋ በላይ ሲሆን ገዢ ማግኘት ያስቸግራል። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ገንቢዎች ይህን መብት አስቀድመው እንዲተዉ ያስገድዳሉ። የእነ ካንትዌል ረቂቅ ለወደፊት ቤቶች መንገዱን የሚዘጋ አንቀጽ ነበረው፤ በ2025ቱ ሕግ ግን አልተካተተም።