የአንድ አስፈሪ ፊልም ፍጻሜ

ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን ሲበሉ የሚያሳይ ፊልም በታሪክ መዝገብ ይሰፍራል ብሎ የሚገምት ጥቂት ነው። ሆኖም ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1967 በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ በ114,000 ዶላር ገደማ ወጪ፣ በጥቁርና ነጭ የቀረጹት «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ለዚህ ክብር በቅቷል።

ታሪኩ ቀላል ነው፤ ሰባት ሰዎች በአንድ የገበሬ ቤት ይከበባሉ። ቤን የተባለውን ዋና ገጸ ባሕርይ የተጫወቱት ጥቁር አሜሪካዊው ዱዌን ጆንስ ናቸው፤ ሚናው ግን ለጥቁር ተዋናይ ተብሎ አልተጻፈም፤ በፊልሙም ስለ ቆዳ ቀለም አንዳች አይነገርም። ጆንስ በርና መስኮቱን በሳንቃ ሲቸነክሩ፣ ምድር ቤት ካልተደበቅን ከሚለው ሰው ጋር ሲሟገቱ፣ ድምፃቸውም እጃቸውም በእርግጥ የተጨነቀ ሰው ነው። ተመልካች ሙታኑን ቢጠራጠር እንኳ ቤንን አይጠራጠርም።

ፍጻሜው የሚከብደውም ስለዚህ ነው። ቤን ሌሊቱን ብቻውን ተርፎ ሲነጋ ወደ መስኮቱ ይቀርባል፤ ሊያድኑት የሚገባቸው ታጣቂዎች ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው በጥይት ይገድሉታል። አስከሬኑ በመንጠቆ ተጎትቶ ከሌሎቹ ጋር ይቃጠላል። ፊልሙ በ1968 ለሕዝብ ሲቀርብ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ስድስት ወር ያህል ብቻ ሆኖ ነበርና፣ ያ ጥይት እንደ ተራ ልብ ወለድ ሊታይ አልቻለም።

የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ፊልሙን በብሔራዊ የፊልም መዝገብ ያስገባው በ1999 ነው። ጆንስ ይህን ሳያዩ በ1988 ዐርፈዋል።