የአንድ ክረምት የላብራቶሪ ምርምር ለሕክምና ተማሪ ምን ያስተምራል?

የሕክምና ተማሪ አብዛኛውን የትምህርት ዘመኑን የሚያሳልፈው ሌሎች አግኝተው በመጽሐፍ ያሰፈሩትን እውቀት በማጥናት ነው። ያ እውቀት በምን ያህል ድካምና በስንት የከሸፈ ሙከራ እንደተገኘ ግን መጽሐፉ እምብዛም አይነግረውም። የክረምት ዕረፍቱን በላብራቶሪ ምርምር ያሳለፈ ተማሪ ይህን ጉድለት በመጠኑ ይሞላል። የዚህ ዓይነቱ ቆይታ ዓላማ አዲስ ግኝት ማግኘት ወይም ስምን በመጽሔት ላይ ማውጣት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ታሪክ የሚያሳየን ግን፣ ተማሪው ከላብራቶሪ ይዞ የሚወጣው ትልቁ ሀብት አንድን ውጤት ከማመኑ በፊት እንዴት እንደተገኘ የመጠየቅ ልማድ መሆኑን ነው። ይህ ልማድ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ሆስፒታል የተኛውን ሕመምተኛ በቀጥታ የሚመለከት ነው።

ያዩትን ከገመቱት መለየት

እ.ኤ.አ. በ1869 ፖል ላንገርሃንስ የተባለ የ21 ዓመት የሕክምና ተማሪ በበርሊን ለመመረቂያ ጽሑፉ ቆሽትን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በሕብረ ሕዋሱ መካከል ተሰባስበው የሚገኙ ከአካባቢያቸው የተለዩ ሕዋሳትን አየ። መልካቸውን በጥንቃቄ ገለጸ፤ ተግባራቸውን ግን እንደማያውቅ በግልጽ ጻፈ። ዛሬ ኢንሱሊን የሚመነጭበት ክፍል በስሙ የሚጠራው ለዚህ ነው። ወጣቱ ተማሪ ያየውን ብቻ አየሁ በማለቱና የማያውቀውን አላውቅም በማለቱ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በጽሑፉ ላይ ተመሥርተው ለመሥራት ችለዋል።

ከ52 ዓመታት በኋላ፣ በ1921 እ.ኤ.አ.፣ ለእኛ ክረምት በሆነው ወቅት፣ በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማክላውድ ለዶክተር ፍሬድሪክ ባንቲንግ የላብራቶሪ ክፍልና ረዳት ተማሪዎች ፈቀዱለት። የመጀመሪያውን ተራ ማን እንደሚወስድ በተጣለ የሳንቲም ዕጣ ሥራው ለ22 ዓመቱ ቻርልስ ቤስት ደረሰ። ቤስት የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱን ገና ማጠናቀቁ ነበር። ዋነኛ ኃላፊነቱም የውሾቹን የደምና የሽንት ስኳር መጠን መለካት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባንቲንግ ሥራውን ጥንቃቄ የጎደለው ሆኖ ስላገኘው ክፉኛ ወቀሰው፤ ቤስትም የመስታወት ዕቃውን ሁሉ እንደገና አጥቦ ልኬቱን እንደ አዲስ ጀመረ። በእነዚያ ወራት ብዙ ውሾች ሞቱ፣ ብዙ ሙከራዎችም ከሸፉ።

በጥር 1922 እ.ኤ.አ. የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የመጀመሪያውን መርፌ ሲወጋ ቅምሙ በሚገባ ያልተጣራ ስለነበር የተፈለገውን ውጤት አላስገኘም። ከ12 ቀናት በኋላ ግን ጄምስ ኮሊፕ ያጣራው ቅምም የልጁን የስኳር መጠን ዝቅ አደረገ። የአንድ ክረምት ሥራ ለሕመምተኛ የደረሰው በንጹሕ ብርጭቆ፣ በትክክለኛ ልኬትና ውድቀትን ሳይደብቁ በመመዝገብ ነው። ዛሬ ኢንሱሊን ለሕመምተኞቹ የሚያዝዝ ሐኪም ሁሉ የዚያ ድካም ተጠቃሚ ነው።

የወንዙ ላይኛውና ታችኛው ክፍል

ወደ ሀገራችን ስንመለስ የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ እናገኛለን። በ1964 እ.ኤ.አ. ገና 30 ዓመት ያልሞላው አክሊሉ በአድዋ ስለ ብልሃርዚያ ያጠና ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋለ። በእንዶድ ልብስ ማጠብ በሀገራችን ለዘመናት የኖረ ልማድ ነው፤ አረፋው ወደ ወንዝ ሲወርድም ብዙ ሰው አይቷል። አክሊሉን የለየው የወንዙን ላይኛና ታችኛ ክፍል ማነጻጸሩ፣ ቀጥሎም በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ የእንዶድ አረፋ እንዲጨመር አድርጎ ውጤቱን ማረጋገጡ ነው። ከዚያ በኋላ የእንዶድ ፍሬ በላብራቶሪ ተፈጭቶ በልዩ ልዩ መጠን ተፈተነ።

በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የመስክ ጥናት ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ዘንድ የብልሃርዚያ ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብሏል። አክሊሉና የሥራ ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ሆኖም የእንዶድን ደኅንነት የሚመለከተው የመርዛማነት ምርመራ በዓለም አቀፍ የላብራቶሪ ደረጃ እንዲደገም ይጠየቅ ስለነበር፣ ሥራው በውጭ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት ረጅም ዓመታት ወስዷል። ከዚህም አንድ ትምህርት ይገኛል። ውጤቱ እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሌላው ሰው ደግሞ ሊያረጋግጠው በሚችልበት መንገድ መሠራትና መመዝገብ አለበት።

በሆሳዕናና በአካባቢው ያለው ዕድል

በሀገራችን ተማሪን በምርምር የማሳተፍ ልምድ አዲስ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት ሲጀምር የተማሪዎች ምርምር የዚያ ሥርዓት አንድ አካል ሆኗል። ይህ ልምድ ተማሪውን ወደ ቀበሌና ወደ ቤተሰብ አቅርቦታል። አሁን የሚያስፈልገው ከላብራቶሪ ጠረጴዛም ጋር በይበልጥ ማቀራረብ ነው።

በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሚሠለጥኑት፣ ከሐዲያ የተወለደችውን ንግሥት በሚዘክረው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋማ ብትሆንም፣ በዙሪያዋ ያሉት የጊቤና የብላቴ ተፋሰስ ቆላማ ቦታዎች ወባ የሚገኝባቸው ናቸው። በሀገራችን ዋነኛው የወባ ወቅት ክረምቱ እንደወጣ የሚጀምር በመሆኑ፣ ሐምሌንና ነሐሴን በላብራቶሪ ያሳለፈ ተማሪ ለዚያ ወቅት ተዘጋጅቶ ይደርሳል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። ተማሪው የጊምሳ ቀለምን በትክክለኛ የአሲድነት መጠን ያዘጋጅ፤ በወፍራም የደም ስሚር ላይ ቢያንስ 100 የእይታ መስክ ሳይመለከት «ተሕዋስ የለም» ብሎ አይጻፍ፤ ያነበበውንም ስላይድ ውጤቱን ያላወቀ ሁለተኛ ሰው ያንብበው። ሁለቱ ንባቦች ሲለያዩ ተማሪው «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ» የሚለው ቃል የሰው ዓይንና እጅ ያለበት መሆኑን ይረዳል። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይና ሕክምናውም ከፋልሲፓረም ስለሚለይ፣ የንባብ ስሕተት የመድኃኒት ስሕተት ይሆናል።

ሁለተኛው ምሳሌ በብዙ ጤና ተቋማት ለታይፎይድ ምርመራ የሚታዘዘው የዊዳል ምርመራ ነው። ተማሪው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የለጋሾች ስምምነት ተገኝቶ ምርመራውን በጤነኛ የደም ለጋሾች ናሙና ላይ ቢሠራ፣ ቀድሞ ለተሕዋሱ የተጋለጠ ጤነኛ ሰውም ፖዘቲቭ ውጤት ሊኖረው እንደሚችል በገዛ እጁ ያየዋል። ይህን ያየ ሐኪም ነገ ትኩሳት ላለበት ሁሉ አንቲባዮቲክ ለማዘዝ አይቸኩልም፤ የትኩሳቱን ሌላ ምክንያትም ይፈልጋል።

እንዲህ ያለው ክረምት ፍሬ እንዲያፈራ ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ በየሳምንቱ የተማሪውን መዝገብ የሚያይ አማካሪ መመደብ አለበት። ሁለተኛ፣ የላብራቶሪ ቴክኖሎጂ ባለሙያው እንደ ረዳት ሳይሆን እንደ መምህር መቆጠር ይኖርበታል፤ ስላይድ አዘጋጅቶ በማንበብ ዓመታትን ያስቆጠረው እርሱ ነውና። ሦስተኛ፣ ያልተሳካውም ሙከራ ከተሳካው እኩል በመስከረም ለባልደረቦች መቅረብ አለበት። ላንገርሃንስ የማያውቀውን እንደጻፈ፣ የእኛም ተማሪ ያላገኘውን ያለ ኀፍረት መጻፍ ይልመድ። በሥራ ዘመኑ «ምክንያቱ ገና አልታወቀም፣ ምርመራው ይደገም» ብሎ በሕመምተኛው ካርድ ላይ ለመጻፍ የሚደፍረው ይህን የለመደ ሐኪም ነው።