የታላቁ ባሕር ሸሽ ዘመን

 ይህን ትምህርት በሬዲዮ የሰማችሁ አሁን ደግሞ በዓይናችሁ ተከተሉት። ያልሰማችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ረጅም ቃል ሲገጥማችሁ አትደንግጡ፤ ከፋፍላችሁ አንብቡት።

ነገራችን ስለ ጣና ነው። ከቁሐር ሚካኤል ተነሥቶ ወደ ፀሐይ መግቢያ የሄደ ሰው የፎገራን ሜዳ ሲጨርስ ደንገል ያገኛል። ከደንገሉ ወዲያ ውሃ ነው። ርብ ከወረታ በስተሰሜን፣ ጉማራ በስተደቡብ ሜዳውን አቋርጠው እዚያው ይገባሉ። ሁለቱም የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። እኛ «ባሕር» የምንለው ይህ ሐይቅ ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም። ከሁሉ የጠለቀው ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰፊ ምጣድ ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ቁጠሩት።

ብዙ ሰው ጣና ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲሁ ሞልቶ የኖረ ይመስለዋል። አይደለም። ጣና ደርቆ ያውቃል። የደረቀው ዳር ዳሩ ብቻ አይደለም። መሐሉ፣ ያ 14 ሜትር የሚጠልቀው ቦታ ሳይቀር፣ ደርቆ ነበር።

ባሕር ሸሽ የሚለውን ቃል ለናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። በክረምት ውሃው ወደ ሜዳው ይገፋል። ዝናቡ ሲያባራ እያፈገፈገ ይሄድና ጥቁር እርጥብ መሬት ይተዋል። በዚያ እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይበቅላል። ድንበሩ በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀስም ስንቱ ጎረቤት ተካሷል! በ1995 ዓ.ም. ድርቁና ለመብራት ኃይል የሚለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁ ከወትሮው እጅግ ጎደለ። ባሕር ሸሹም ሰፋ። ሆኖም ያኔም ጣና ጣና ነበር። እኔ የምነግራችሁ ባሕሩ ጨርሶ ስለ ሸሸበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ከፎገራ ተነሥቶ፣ ያለ ታንኳ፣ በእግሩ ዘጌ መድረስ ይችል ነበር።

«ይህን ማን አየ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። የዓይን ምስክር የለም። የጽሑፍ ምስክርም የለም፤ ያኔ በዓለም ላይ ጽሑፍ የሚባል ነገር አልነበረም። የመሰከረው ጭቃው ነው።

ሐምሌ ላይ ከጉማራ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቅዱና አሳድሩት። ጠዋት ከላይ ውሃው ጠርቶ፣ ከታች ስስ ጭቃ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። በጣና ወለልም ይኸው ነገር ሺህ በሺህ ዓመት ሲሆን ኖሯል። የአምናው ከታች፣ የዘንድሮው ከላይ ይተኛል። አንድ ስንዝር ጭቃ ለመከማቸት በአማካይ ከ300 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ወደ ታች መቆፈር ማለት ወደ ኋላ ማንበብ ማለት ነው።

ይህን ያነበቡት ሄንሪ ላም የተባሉ የዌልስ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከባልደረቦቻቸው መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመርና የዓሣ ተመራማሪው እሸቴ ደጀን ይገኙበታል። ሐይቁ እጅግ በሚጠልቅበት ቦታ ላይ ቱቦ ወደ ጭቃው ሰድደው 10 ሜትር ያህል የሚረዝም ጭቃ አወጡ። ደግሞም የድምፅ ሞገድ ወደ ሐይቁ ወለል እየላኩ፣ ተመልሶ ሲመጣ ከሥር ያለውን ንጣፍ አዩ። ውጤቱን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 አሳተሙ።

ከታች የተገኘው ድርቅ ብሎ የጠነከረ አፈር ነው። ውሃ የተኛበት ጭቃ እንዲህ አይደርቅም፤ ፀሐይ ያገኘው ነው። በዳር በኩል ደግሞ በደረቀው ወለል ላይ ጎርፍ የቆፈረው ቦይ ታየ። በክረምት ብቻ የሚወርድ ጎርፍ በሐይቁ አልጋ ላይ እንደ ልቡ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ከደረቁ አፈር በላይ የበሰበሰ ሣርና ደንገል መጣ። ይህ ከዛሬ 16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ያለው ነው። የጣና መሐል ያኔ ረግረግ ነበር። ዛሬ ከዳር የምናጭደው ደንገል ያኔ መሐል ላይ በቀለ።

ቀጥሎ ውሃው ጨመረ፤ ነገር ግን ጨው ጨው አለ። ሊቃውንቱ ይህን ያወቁት በጭቃው ውስጥ ከቀሩ በዓይን ከማይታዩ የውሃ ዕፅዋት ነው። ከነሱ ውስጥ ጨው የሚወዱ ዓይነቶች አሉ። ምክንያቱን ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ድስቱ ሲመጥ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ጣናም መውጫ አጥቶ እንደ ድስቱ ይመጥ ነበር። ያኔ ከጣና የሚወጣ ዓባይ አልነበረም።

ከዚያ፣ ከዛሬ 14,750 ዓመት ገደማ በፊት፣ ጨው ወዳዶቹ ዕፅዋት በድንገት ጠፉ። ውሃው ጣፋጭ ሆነ። ይህ የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሐይቁ ሞልቶ አፉን ሲያልፍና ጨዉን ይዞት ሲሄድ። ዛሬ ባሕር ዳር ላይ በምናየው መውጫ ጣና ፈሰሰ። ዓባይ ከጣና እንደገና ተወለደ።

ለምን ያኔ? እዚህ ላይ ከአገራችን ወጣ ብለን ሩቅ ማየት አለብን።

ያ ዘመን በትምህርት ቋንቋ ዘመነ በረዶ ይባላል። የአውሮፓና የአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ከኪሎ ሜትር በላይ በሚወፍር በረዶ ተሸፍኖ ነበር። በረዶ ስል በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ማለቴ አይደለም። ዓመት ከዓመት ሳይቀልጥ እየተደራረበ እንደ አለት የጠነከረውን ነው። በእኛም አገር የስሜንና የባሌ ተራሮች እንዲህ ያለ በረዶ ተሸክመው ነበር።

እኛ ብርድንና ዝናብን አንድ ላይ ነው የምናውቃቸው። ሐምሌ ይዘንባል፣ ይበርዳልም። ያኔ ግን ብርዱ የመጣው ከድርቅ ጋር ነው። የክረምት ዝናባችንን የሚያመጣው እርጥብ ነፋስ ነው። ፀሐይ ሰሜናዊውን የምድር ክፍል ስታሞቀው፣ ሙቀቱ ዝናቡን ወደ ሰሜን ይስበዋል። እኛም ጋ ይደርሳል። ሰሜኑ ከቀዘቀዘ ግን ስበቱ ይደክማል፤ ዝናቡም ይሳሳል። ከዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ በፊት ትልልቅ የበረዶ ክምሮች እየተገመሱ ወደ ሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገቡ ነበር። ውቅያኖሱ ቀዘቀዘ። ጣና የደረቀው በዚያ ብርድ ዘመን ነው። በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ መካከል ያለው ትልቁ የቪክቶሪያ ሐይቅም እንዲሁ ደርቆ ነበር። ስለዚህ ነጭ ዓባይም ደከመ። ግብፅ የሚደርሰው ውሃ ምን ያህል እንደ ቀነሰ እናንተው ገምቱት።

ከዛሬ 14,700 ዓመት በፊት አየሩ ተገለበጠ። በሰሜን ጫፍ ባለችው በግሪንላንድ ደሴት፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ፣ ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ጨመረ። ውቅያኖሱ ሞቀ፣ ስበቱ ተመለሰ፣ ዝናቡ ወደ እኛ መጣ። ጣናም ሞልቶ ፈሰሰ። ቪክቶሪያም ሞላ። ሁለቱ ዓባዮች አንድ ላይ ኃይል አግኝተው ወደ ግብፅ ወረዱ። የግሪንላንድን በረዶና የጣናን ጭቃ ያነበቡት ሰዎች የተለያዩ ናቸው። ዘመኑ ግን ገጠመ። ሁለት ምስክር ሳይተያዩ አንድ ቃል ሲሰጡ ዳኛ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ።

ፈረንጆች ይህን የሙቀት ጊዜ ቦሊንግና አለሮድ ይሉታል። ሁለቱም የዴንማርክ አገር ቦታዎች ናቸው። አለሮድ ላይ ለጡብ መሥሪያ ጭቃ ሲቆፈር፣ በብርድ አገር ዕፅዋት ጭቃ መካከል የዛፍ ቅሪት ያለበት ንጣፍ ተገኘ። ይህም በ1901 ታተመ። እዚያም ቢሆን ወሬውን ያወጣው ጭቃ ነው።

መጻሕፍት «አጭር የሙቀት ጊዜ» ይሉታል። እኔ በዚህ አጠራር እስቃለሁ። የቆየው 1800 ዓመት ያህል ነው። ከአክሱሙ ንጉሥ ከኢዛና እስከ ዛሬ ያለው ይህን ያህል አይሞላም!

ዘመኑ የተቆጠረው እንዲህ ነው። በሕይወት ያለ ተክል ሁሉ ካርቦን 14 የሚባል ነገር በጥቂቱ ይይዛል። ተክሉ ሲሞት ይህ ነገር መጉደል ይጀምራል። በ5730 ዓመት ግማሹ ያልቃል፣ በሌላ 5730 ዓመት የቀረው ደግሞ ይገመሳል። ጣና በፈሰሰበት ጊዜ የሞተ ደንገል ዛሬ ቢለካ፣ የሚተርፈው ከስድስት አንድ እጅ ያህል ነው። ቁጥሩ ከቤተ ክርስቲያን ዓመተ ዓለም ስለሚበልጥ የሚገረም ይኖራል። ያኛው የመጽሐፍ ቆጠራ ነው፤ ይህኛው የተክል ቆጠራ ነው።

በዚያ ዘመን የነበሩት ሰዎች አራሾች አልነበሩም። ጤፍ አይዘሩም፣ የፎገራን በሬ አይጠምዱም። በድንጋይ መሣሪያ እያደኑ፣ ፍሬና ሥር እየለቀሙ ይኖሩ ነበር። ረግረጉ ወደ ሐይቅ ሲለወጥ ባሕሩ በትውልድ ትውልድ እየገፋ መጣባቸው። ዝናብ ለእኛ በጎ ነገር ነው፤ ለእነሱ ግን የአደን ሜዳቸውን ውሃ ወሰደው። ዓሣም አመጣላቸው። የትኛው እንደ በለጠባቸው ጭቃው አይናገርም።

ሙቀቱም አልጸናም። ከዛሬ 12,900 ዓመት በፊት ሰሜኑ እንደገና ቀዘቀዘ። ብርዱ እስከ 11,700 ድረስ ቆየ። የጣና ጭቃም ይህን ይዟል፤ ከዛሬ 12,000 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ዳግመኛ ጎደለ። እንደ ፊተኛው ግን ጨርሶ አልደረቀም። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ በረታ፣ ሐይቁም ተመለሰ። ከዛሬ 8000 ዓመት ገደማ በፊትም ሌላ መጉደል ታይቷል።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላቆሙም። በፈረንጆች 2018 ደግሞ ከ90 ሜትር በላይ ከሚረዝም የጣና ጭቃ ያነበቡትን የ150,000 ዓመት ታሪክ አሳተሙ። የርብና የጉማራ ጎርፍም በየክረምቱ አንድ ስስ ንጣፍ ከላይ እየጨመረበት ነው።