ቦሌ በሁለት ፊደል፣ ቦሌ በስድስት

የምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ በግዕዝ ፊደል «ቦሌ» ብሎ ለመጻፍ ሁለት ፊደል ይበቃዋል። በቁቤ የሚጽፈው ግን ስድስት ያሰልፋል፤ «ኦ»ም «ኤ»ም በኦሮምኛ ረጃጅም ስለ ሆኑ በእጥፍ ይጻፋሉና። ቋንቋው አምስት አጫጭርና አምስት ረጃጅም አናባቢዎች አሉት፤ የርዝመቱም ልዩነት ትርጉም ይለውጣል። «ዹፌ» በአጭሩ ሲነገር «መጣ» ማለት ነው፤ «ኡ»ው ከረዘመ ግን በጨዋ ሸንጎ የማይነሣ ቃል ይወጣዋል። በግዕዝ ፊደል «ዹ» አንድ ብቻ በመሆኑ አንባቢው ሁለቱን የሚለየው ከዐውዱ ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ተርጉመው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በዚሁ ፊደል ነው። በ1956 ደግሞ ሼህ በክሪ ሳጳሎ በሐረርጌ ለኦሮምኛ የሚሆን አዲስ ፊደል ቀረጹ፤ መንግሥት ግን ሥራውን አገደባቸው። ላቲኑ ቁቤ በጉባኤ የተመረጠው በጥቅምት 1984 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። ድምፁን ብቻ ለተመለከተ ሰው፣ በግዕዝ ፊደል ላይ አንድ የርዝመት ምልክት መጨመርም ችግሩን ባቃለለው ነበር፤ የጉባኤተኛው ጉዳይ ግን አናባቢ ብቻ አልነበረም።