ብዙ የሚመስለው አንድ ተክል

ዝንብ ቅጠል ላይ ስታርፍ አይተናል፤ ቅጠል ዝንብ ሲበላ ግን አላየንም። ስለዚህ ስለ ሳራሴኒያ መጀመሪያ ስናነብ ሳቅን። ቆየት ብለን ግን ሳቃችንን ዋጥነው። ለምን እንደሆነ እስኪ እናውጋችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳይምታታባችሁ!)

ሳራሴኒያ የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ተወላጅ ነው። የሚበቅለው ናይትሮጅን በእጅጉ በሚያንሰው ረግረግ አፈር ላይ ነው። ታዲያ ምን ያድርግ? ቅጠሉን እንደ ጠባብ እንስራ ጠቅልሎ አፉ ላይ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል። ጣፋጩን ሊልስ የመጣ ነፍሳት ያዳልጠውና ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ወደ ታች የተደፉት ፀጉሮች መመለሻ ይነሱታል። እታች ፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል። አለቀ፤ ራት ሆነ።

ስሙን ያገኘው ከአንድ ሐኪም ነው። በኩቤክ የነበረው ሚሼል ሳራዜን ናሙናውን ወደ ፓሪስ ላከ፤ የእጽዋት ሊቁ ቱርንፎር ደግሞ በ1700 ተክሉን በላኪው ስም ጠራው። ታላቁ ሊኒየስ ሳይቀር በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ ለተጠሙ ወፎች የተዘጋጀ መስሎት ነበር። የዋህነት አይደል? ጆሴፍ ሁከር በ1874 ቤልፋስት ላይ ስለ ሥጋ በል ተክሎች ንግግር አደረገ፤ ዳርዊንም በ1875 መጽሐፉን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ለክርክር አልተመቸም።

መታወቁ ግን ጠላት አበዛበት። ሰብሳቢዎች እየነቀሉ ወሰዱት። ረግረጉ ውኃው እየተንጣፈፈ እርሻ ሆነ። ቁጥቋጦውን በየጊዜው ያጸዳለት የነበረውን እሳትም ሰው ማጥፋት ጀመረ፤ ጥላው በዛና ፀሐይ አጣ። የአሜሪካ መንግሥት ኦሬኦፊላ የተባለውን ዝርያ በ1979፣ ጆንሲን በ1988፣ አላባመንሲስን በ1989 ለመጥፋት በተቃረቡት መዝገብ ላይ አሰፈራቸው።

መዘገባቸው፤ ከዚያስ? ለመጠበቅ መቁጠር ያስፈልጋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሳራሴኒያ ከመሬት ሥር በሚሄድ ግንዱም ይባዛል። መቶ እንስራ ብንቆጥር የጥቂት ተክሎች ቅጂ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ በሽታ ቢመጣ ሁሉንም በአንድ ቀን ሊያገኛቸው ይችላል። ዓይናችን ጫካ ሲያይ ውስጡ አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው።

ዓይን ያልቻለውን የቻለው የዘረመል ምልክት ነው። በ1996 ጎድትና ሀምሪክ የተባሉ ተመራማሪዎች የኦሬኦፊላንና የጆንሲን ልዩነት በኤንዛይሞቻቸው ዓይነት መዘኑ። ቀጥሎ ማይክሮሳተላይት መጣ። ይህ በዲኤንኤ ላይ አንድ አጭር ቃል ደጋግሞ የተጻፈበት ቦታ ነው። አንዱ ተክል አሥር ጊዜ፣ ሌላው አሥራ አራት ጊዜ ሊደግመው ይችላል። እንዲህ ያሉ ብዙ ቦታዎችን ስናነጻጽር ማን የማን ቅጂ፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ይታወቃል። በ2013 የታተመ ጥናት በዚህ ዘዴ ሦስቱን ዝርያዎች በስፋት ከሚገኙት ዘመዶቻቸው ጋር አስተያየ። የሦስቱ የዘረመል ሀብት ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ለጠባቂዎቹ ከባድ ጥያቄ ነው። ከአንዱ ረግረግ ወስደው ሌላው ላይ ቢተክሉ የደከመውን ዘር ሊያበረቱት ይችላሉ፤ ለዘመናት ለብቻው የኖረውን ልዩነትም ሊያጠፉት ይችላሉ። በዚያ ላይ የሳራሴኒያ ዝርያዎች እርስ በርስ በቀላሉ ይዳቀላሉ። ያልተመረመረ ችግኝ መትከል የማይታወቅ እንግዳ ቤት እንደማስገባት ነው።

ምልክቱ ብቻውን ረግረግ አያድንም። ውኃው ካልተመለሰ፣ ቁጥቋጦው ካልተመነጠረ የዲኤንኤ ወረቀት የሙት መታሰቢያ ይሆናል። ቢሆንም ከየትኛው ረግረግ እንጀምር ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። እኛም ከዚህ ተክል የተማርነው ይሄንን ነው፦ «ብዙ አለ» ሲሉን «ስንት ዓይነት?» ብለን መጠየቅን።