የዝሆኑ ወጥመድ

በጁባ ከተማ በንያኩሮን ሠፈር፣ ከባህል ማዕከሉ ብዙም ሳይርቅ፣ በሳምንት አንድ ማታ ጥቂት የአገራችን ልጆች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪ ሆኖ ዋሻና አውሬ የሞላበትን የጥንት ዓለም ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ወክለው ዳይስ እየጣሉ በዚያ ዓለም ውስጥ ይጓዛሉ። ደንቡን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለስኩላቸው እኔ በመሆኔ፣ ጠብ ሲነሣ ለዳኝነት የምጠራውም እኔው ነኝ። አንድ ማታ ከጀግኖቹ አንዱ የሀብት ሣጥን ሲከፍት፣ ሣጥኑ ጥርስ አውጥቶ ዋጠው። ልጁ «አውሬ መሆኑን በምን ልወቅ?» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። ተራኪውም «ከታወቀማ ምኑን ወጥመድ ሆነ?» ሲል መለሰለት።

ለመሆኑ ፍትሐዊ ወጥመድ የሚባል ነገር ይኖር ይሆን? አባቶቻችን ይህን ጥያቄ በሰንጠረዥ ላይ መልሰውት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሳልት፣ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም የአጨዋወቱን ወግ መዝግቧል።

በሰንጠረዥ ላይ ከሚሰለፉት ፍጥረታት አንዱ ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ ነው። ፊል በማዕዘን አቅጣጫ ወደ ሁለተኛው ቤት ብቻ ይዘላል፤ በመሆኑም ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። እነዚያን 8 ቤቶች ባላጋራው አስቀድሞ ሊቆጥራቸው ይችላል። ሳይቆጥር ገብቶ ከተያዘ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ዝሆኑ አልተሸሸገበትምና። ወጉ ከዚህም ያልፋል። በኃይለኛ ጠጠር ንጉሥን ማጥመድ እምብዛም አያስከብርም፤ እንደ ፊል ባለ ደካማ ጠጠር ማጥመድ ግን ያስመሰግናል። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥም አይጠመድም። ማምለጫ የሌለውን መያዝ ጥበብ ተብሎ አልተቆጠረም ማለት ነው።

ልጆቹ የሚጫወቱት ዓይነት ጨዋታ ግን ይህን የተማረው በመከራ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን በአሜሪካ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር። በ1975 ጋይጋክስ ለውድድር ያቀረበውና በ1978 የታተመው የመቃብር ጀብዱ፣ አፉን የከፈተ የአረንጓዴ ጋኔን ፊት ነበረበት፤ ወደ አፉ የገባ ጀግና ያለ ተስፋ ይጠፋል። ሣጥን መስሎ የሚጠብቀው አውሬም በ1977 በወጣው የአውሬዎች መጽሐፍ ውስጥ ሰፍሯል። የመቃብሩ ጀብዱ የተዘጋጀው የተካኑ ተጫዋቾችን ለመፈተን ነው የሚል መከላከያ አለ፤ ትክክልም ነው። ሆኖም የተካነ ሰው የሚፈተነው ሊያነበው በሚችለው ነገር ነው።

የሰጠሁት ፍርድ ከዝሆኑ የተቀዳ ነበር። አውሬ እንደ ተፈጥሮው ይኖራል፤ የሚኖርም ነገር ፋና ይተዋል። የክፍሉ ዕቃ ሁሉ አቧራ ሲለብስ ሣጥኑ ብቻ ንጹሕ ይሁን፤ አጠገቡ የተጋጠ አጥንት ይገኝ። ተጫዋቹ «አቧራ አለው?» ብሎ ሲጠይቅ ተራኪው እውነቱን ይንገረው። ሳይጠይቅ ቢከፍትም፣ ከመዋጡ በፊት እጁን ለመንጠቅ አንድ ዕድል ይኑረው። ወጥመዱን የሚሠራ ሰው ስለ አውሬው ያሰበውን ያህል ስለ ተጫዋቹ ማሰብ አለበት፤ አለዚያ ጨዋታው የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል።

በሚቀጥለው ሳምንት ያ ልጅ ተመልሶ መጣ። አጥንቱን አየ፤ ስለ አቧራውም ጠይቆ እውነቱ ተነገረው፤ ነገር ግን የሀብቱ ጉጉት አሸነፈውና ሣጥኑን ከፈተ። ዳይሱም ከዳው። ዳግመኛ ተዋጠ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከሁሉ በፊት የሳቀው እርሱ ነበር።